ልጅ የሚቆጡበት ቋንቋ፦ ከባቱ እስከ ጂንካ

አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ተማሪዎቼ የመመዝገቢያ ቅጽ ይሞላሉ። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ ከዚያ "የአፍ መፍቻ ቋንቋ" የሚል ክፍት ቦታ አለ። አብዛኛው ልጅ ብዙም ሳያስብ "አማርኛ" ብሎ ያልፋል። ዘንድሮ ግን አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ እስክሪብቶዋን ይዛ እዚያች ቦታ ላይ ቆመች።

"ቲቸር፣ እናቴ ከእህቶቿ ጋር በከምባትኛ ነው የምታወራው። አባቴ ወላይታ ነው። እኔን ግን በአማርኛ ነው የሚቆጡኝ። የቱን ልጻፍ?"

"የመሰለሽን ጻፊ" አልኳት። ጥያቄው ግን እኔን አልለቀቀኝም። በአገራችን ከ80 በላይ ቋንቋዎች እንዳሉ አስተምራለሁ። ሴማዊ፣ ኩሻዊ፣ ኦሞአዊ፣ ናይሎ ሰሃራዊ እያልኩ ሰሌዳ ላይ እከፋፍላቸዋለሁ። ከነሱ ውስጥ ስሰማ የምለያቸው ግን አምስት አይሞሉም። ስለዚህ የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ሲመጣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ ደቡብ ወረድኩ። በየደረስኩበት የምጠይቀውን ጥያቄ ከዚያች ልጅ ነው የወሰድኩት። ልጅ የምትቆጡት በምን ቋንቋ ነው?

ቀን 1፣ ቅዳሜ፦ ባቱ

ከቃሊቲ መናኸሪያ በጠዋት ተነሳን። ከሞጆ ወዲህ ፈጣኑ መንገድ ስላለ 160 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ ሳይሰማኝ አለቀ። ባቱን ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ዝዋይ ነው የሚላት። ሐይቁንም ዝዋይ የሚለው አለ፣ ደምበል የሚለው አለ።

አመሻሽ ላይ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ እየከፈቱ አንጀቱን ይወረውራሉ። አባ ኮዳዎቹ ይሻሙበታል። አንድ ባለጀልባ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስልክ ሲደወልለት በኦሮምኛ ያወራል፣ ከኔ ጋር በአማርኛ ይጫወታል። አንድ ሰዓት ያህል አብረን ከቆየን በኋላ፣ የሐይቁ ደሴቶች ሰዎች የሚናገሩትን ቋንቋ አስቤ፣ "ዛይኛ የሚናገር ሰው የት አገኛለሁ?" ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ።

"አጠገብሽ ተቀምጧል" አለኝ።

ይሄ ነገር በጉዞው ሁሉ ተደጋገመብኝ። ጥቂት ሰው የሚናገረው ቋንቋ ያለው ሰው ቋንቋውን ኪሱ ውስጥ ነው የሚይዘው። ለማያውቀው ሰው አያወጣውም። ስለዚህ "እዚህ አገር የሚነገረው ይሄና ይሄ ነው" ብሎ በአንድ ቀን ጉብኝት የሚደመድም ሰው ትልልቆቹን ብቻ ነው የሰማው ማለት ነው።

ቀን 2፣ እሑድ፦ ቱሉ ጉዶ

ሳይነጋ ነበር ጀልባው ላይ የወጣነው። ሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፦ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ጋሊላ እና ደብረ ሲና። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። ስሙ የኦሮምኛ ነው፣ ትልቅ ተራራ ማለት ነው። የቤተክርስቲያኑ ሰዎች ደግሞ ደብረ ጽዮን ይሉታል። ከሩቅ ሲያዩት እውነትም ከውሃ ውስጥ የወጣ ተራራ ነው። ስንጠጋ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ልጆች አለፉን።

የዛይ ሰዎች የሚናገሩት ታሪክ ረጅም ነው። በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከአክሱም ወደዚህ ሸሹ ይላሉ። በግራኝ አህመድ ጊዜም ሌሎች መጥተው ተጨመሩ ይላሉ። ይሄ የአባቶች ትውፊት ነው። የቋንቋ ሊቃውንት የሚሉት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ እኔን ይበልጥ የገረመኝም እሱ ነው። ዛይኛ ሴማዊ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ ስልጢኛና ሐረሪ ናቸው። ሐረር የት፣ ዝዋይ የት! በአንድ ወቅት በመካከላቸው ዘመድ ቋንቋዎች ተዘርግተው እንደነበር ይገመታል። ዛይኛን ያተረፈው ውሃው ነው። በዙሪያው ያለው ምድር ሁሉ ቋንቋ ሲለውጥ ደሴቶቹ ላይ ያለው ሰው የራሱን ይዞ ቀረ።

ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ደረስን። ከደጀ ሰላሙ ውጪ ዛፍ ሥር ቆሜ አዳመጥኩ። ግእዝ ነው። የትም አገር ልጁን በግእዝ የሚቆጣ እናት የለም። ግን ስንት መቶ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ይሰማል፣ ይዜማል፣ ይጻፋል። ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ሲወጣ ደግሞ ደጁ ላይ ዛይኛው ፈሰሰ። እሱ በተቃራኒው ነው። እናት አለው፣ ብራና የለውም። በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአምስት ደቂቃ ልዩነት፣ ሁለቱን ሰማሁ።

አንዲት ሴት ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ውሃው የሮጠ ሕፃን ጠራች። ድምጿ ከፍ አለ። ምን እንዳለችው አላወቅኩም፣ ግን ቁጣውን ማንም ይረዳዋል። አንድ ሁለት ቃል እንደ አማርኛ ብሎብኝ ጆሮዬ ቆመ፣ ወዲያው አመለጠኝ። ከዚያ ወደ ባለጀልባው ዞራ በኦሮምኛ ስለ ዋጋ ተከራከረች። ከዚያ ወደኔ ዞራ በአማርኛ "ቡና ሳትጠጪ አትሄጂም" አለችኝ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ነጠላዋን አስተካክላ አልጨረሰችም።

ቤቷ ገብተን ቡናው እስኪፈላ ጥያቄዬን ለእናቷ አቀረብኩ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዓይናቸው የደከመ ሴት ናቸው።

"እዚህ ያለነውማ በዛይኛ ነው የምንቆጣው" አሉኝ። "ባቱ ወጥተው ቤት የያዙት ልጆቼ ግን የልጅ ልጆቼን በኦሮምኛ ነው የሚቆጡት። ሲመጡ እኔ በዛይኛ እጠራቸዋለሁ። ይመጣሉ። መልሱን ግን በኦሮምኛ ነው የሚሰጡኝ።"

ደሴቶቹ ላይ መሬቱ ጠባብ ነው። ልጅ ለትምህርት፣ ለሥራ፣ ለሕክምና ወደ ዳር ይወጣል። ትምህርቱም ዳር ላይ ያለው ኑሮም በዛይኛ አይደለም። የተናጋሪው ቁጥር ድሮም በሺዎች ብቻ የሚቆጠር ነው። ማንም አትናገሩ ብሎ አልከለከላቸውም። ቁልቁል ወደ ጀልባው ስወርድ ሳስብ የነበረው ይሄንኑ ነው። ውሃው ነበር የጠበቀው፣ አሁን ሰው ውሃውን እየተሻገረ ነው።

ቀን 3፣ ሰኞ፦ ሶዶ

ቀኑን መንገድ ላይ ዋልኩ። ሻሸመኔ ላይ መኪና ቀየርኩ፣ በሀላባ በኩል አድርጌ ሶዶ ስገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር።

ወላይትኛ ትንሽ ቋንቋ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የወላይታ ሕዝብ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ነበር። ሶዶ ላይ ጥያቄዬን ብጠይቅ ይስቁብኛል ብዬ ተውኩት። በየበሩ ልጆች በወላይትኛ ሲጠሩ ይሰማል። ግን እዚህ የቆምኩበት ምክንያት ሌላ ነው።

ማታ የአክስቴ ልጅ ያስተዋወቀችኝ አንድ ጡረተኛ መምህር ጋር ሻይ ጠጣን። ስለ "ወጋጎዳ" እንዲያወሩኝ ጠየቅኳቸው። ቀድመው ሻያቸውን አስቀመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወላይትኛ፣ ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውርኛ በጣም ይቀራረባሉ። ስለዚህ አራቱን አዋህዶ አንድ የመማሪያ ቋንቋ መፍጠር ይቻላል ተባለና ከስማቸው መነሻ ፊደላት "ወጋጎዳ" ተባለ። መጻሕፍት ታትመው ትምህርት ቤት ገቡ። በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሳ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። ብዙም ሳይቆይ ወላይታ የራሱ ዞን ሆነ።

"መጽሐፉን ከፍቼ ሳስተምር" አሉኝ መምህሩ፣ "አንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የጎረቤት ቃል አለ፣ የኛም አለ። ልጆቹ ይገባቸዋል። ግን ያንን ዓረፍተ ነገር በዓለም ላይ የተናገረው ሰው የለም። እናቱ እንዲህ ብላ የጠራችው ልጅ የለም።"

በደርግ ጊዜ፣ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ነበር የተካሄደው። ወላይትኛ አንዱ ነው። ያኔ በፊደል ነበር የሚጻፈው፣ አሁን በላቲን ነው። መምህሩ ሁለቱንም አስተምረዋል። "ፊደሉ ሲቀየር ሰው ተከራከረ እንጂ ደም አልፈሰሰም። ቋንቋው ሲነካ ግን ፈሰሰ" አሉ።

እኔ የቋንቋ ተመራማሪ አይደለሁም። ግን ሁለት ቋንቋ ስለተቀራረበ ብቻ አንድ ማድረግ ይቻላል የሚል ሐሳብ ሲመጣ ከእንግዲህ ቶሎ አልስማማም።

ቀን 4፣ ማክሰኞ፦ አርባ ምንጭ

ዛሬ ብዙ አልሠራሁም። ትንሽ አሞኝ ነበር፣ ተኝቼ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ካረፍኩበት በረንዳ ላይ አባያና ጫሞ ሐይቆች ይታያሉ። ቀላ ያለው አባያ ነው። እሱም ላይ ጊዲቾ የምትባል ደሴት አለች። እዚያ የሚኖሩት ሀሮዎች ቋንቋቸው በምሥራቅ ተራሮች ካሉት ከኮሬዎቹ ቋንቋ ጋር ይዛመዳል። እንደገና ደሴት፣ እንደገና ትንሽ ቋንቋ። መሄድ ፈልጌ ነበር፣ ጉልበት አጣሁ።

አልጋ ላይ ሆኜ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከሆቴሉ ግቢ ሁለት ሠራተኞች ሲጨዋወቱ ይሰማኛል፣ ዜማው የማውቀው ዜማ ነው። ከየት አውቀዋለሁ እያልኩ ብዙ ካሰብኩ በኋላ መጣልኝ። ሽሮ ሜዳ! ልጅ ሆኜ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በሸማኔዎቹ ቤት በኩል ነበር የማልፈው። የሸማ ዕቃው ሲንኳኳ ከሥሩ ይሄ ወሬ ይሰማ ነበር። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ ሰዎች ናቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ሳልፍ አንድ ቃል እንኳ ምን ማለት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ጋሞኛ የት ይነገራል ሲባል ካርታ ላይ አርባ ምንጭን እናሳያለን። ሽሮ ሜዳንም ማሳየት ነበረብን።

ቀን 5፣ ረቡዕ፦ ኮንሶ

ኮንሶ ስትደርሱ መጀመሪያ ድንጋዩ ነው የሚታያችሁ። ተራራው ከሥር እስከ ጫፍ በእርከን ተደርድሯል። መንደሮቹ በድንጋይ ግንብ ተከበዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይሄንን መልክዓ ምድር ነው። ብዙ ተብሎለታል፣ እኔ አልደግመውም። የመጣሁት ለጆሮ ነው።

መንደር ውስጥ ያስጎበኘኝ ወጣት አሥር ዓመት የማይሞላት እህቱን ይዞ መጣ። እሷ ናት ያስተማረችኝ። ኮንሶኛ ውስጥ "በ"፣ "ደ" እና "ገ" እኛ እንደምንላቸው አይደሉም። እኛ ትንፋሹን ወደ ውጪ ነው የምንገፋው። እነሱ ወደ ውስጥ ይስቡታል። በኦሮምኛ "ዸ" የምንለውን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ልጅቷ ጉሮሮዋን በጣቷ ነክታ አሳየችኝ። ጉሮሮዋ ቁልቁል ወረደ። እኔ ስሞክር ወደ ላይ ወጣ። ሳቀች። እጄን ወስዳ ጉሮሮዋ ላይ አስቀመጠችና ደጋግማ አለችልኝ። ከስድስት ሰባት ሙከራ በኋላ አንዱ ተሳካልኝ መሰለኝ፣ አጨበጨበች። ሌሎች ልጆችም ተሰበሰቡ። የሽፈራው ዛፍ ሥር ቆመን ግማሽ ሰዓት ያህል "ደ" ስንል ቆየን።

ጥያቄዬን ለወንድሟ ጠየቅኩት። "በአፋ ኾንሶ ነዋ!" አለ፣ ሌላ ይኖራል እንዴ በሚል ዓይነት። የኮንሶ ሕዝብ በ1999ኙ ቆጠራ ሩብ ሚሊዮን ገደማ ነበር። እንደ ሶዶ ሁሉ እዚህም ልጆቹ በቋንቋው ይጣላሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይዘፍናሉ።

"አፋ" ማለት አፍ ነው። አፋ ኾንሶ፣ የኮንሶ አፍ። ይሄን ሲነግረኝ ማስታወሻዬን አውጥቼ የማውቀውን መደርደር ጀመርኩ። አፋን ኦሮሞ፣ የኦሮሞ አፍ። አፍ ሶማሊ። ሲዳሙ አፎ። ወላይታዎቹ ወላይታቶ ዶና ይላሉ፣ ዶናም አፍ ነው። ካፋዎቹ ካፊ ኖኖ ይላሉ፣ ኖኖም አፍ ነው። ቃሉ ይለያያል፣ የሚነካው ቦታ አንድ ነው። እኛም "አፉን የፈታበት" እንላለን። እስከ ዛሬ "አፍ መፍቻ" የምትለውን ቃል ቅጽ ላይ ሳነብ አፍ ታይቶኝ አያውቅም ነበር።

ማታ የኮንሶን መጠጥ፣ ጨቃን ቀመስኩ። የማሽላ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ሆድ ይሞላል። እራት አላስፈለገኝም።

ቀን 6፣ ሐሙስ፦ ወይጦና ቀይ አፈር

ከኮንሶ ቁልቁል ወርዶ ወይጦ ሸለቆ ሲገባ ሙቀቱ ፊት ላይ ይለጠፋል። ይሄ የጸማዮች አገር ነው። ከወይጦ ወንዝ በስተምዕራብ በኩል ሙጼ የምትባል መንደር አለች። እዚያ የሚኖሩት ኦንጎታዎች ናቸው። በጠቅላላ መቶ ገደማ ሰዎች ናቸው ተብሎ ተጽፏል። ቋንቋቸውን የሚናገሩት ግን ጥቂት አዛውንቶች ብቻ ናቸው፣ ተመራማሪዎች ሲቆጥሯቸው ሃያ እንኳ አልሞሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ዓመታት አልፈዋል።

ወደ ሙጼ አልሄድኩም። ልሄድ ነበር ያሰብኩት፣ አዲስ አበባ ሆኜ መንገዱን ሁሉ ጠይቄ ነበር። እዚህ ስደርስ ግን አፈርኩ። ስልኬን ይዤ ሄጄ ያረጁ ሰዎችን "እስቲ የመጨረሻውን ቋንቋ ተናገሩልኝ" ልበላቸው? የሚያስፈልጋቸውን ነገር ይዤ አልሄድ፣ ቋንቋውን አልማር፣ መዝግቤ አላስቀምጥ። ወንዙ ዳር ቆሜ ማዶውን አየሁና ተመለስኩ።

ስለ ኦንጎታ ሳነብ ከሁሉም በላይ የያዘኝ አንድ ነገር አለ። ግራዚያኖ ሳቫና ማውሮ ቶስኮ የሚባሉ ሁለት ጣሊያናውያን እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ሰዋስዉ ጽፈዋል። በኦንጎታ ጊዜ የሚለየው በድምፅ ከፍታ ነው ይላሉ። ያንኑ ግስ ዝቅ ባለ ድምፅ ብትሉት ያለፈ ነገር ነው። ከፍ ካደረጋችሁት ያላለፈ ነው። አስቡት። "ሄደ" እና "ይሄዳል" የሚለያዩት በዜማ ብቻ! የማን ዘመድ እንደሆነ እንኳ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ሁለቱ ጣሊያናውያን ኩሻዊ ነው ይላሉ። ሃሮልድ ፍሌሚንግ የሚባለው አሜሪካዊ ራሱን የቻለ ቅርንጫፍ ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ2006 መጽሐፍ ጽፏል። ናይሎ ሰሃራዊ ነው ያለም አለ። እኔ ሰሌዳ ላይ በአራት ሣጥን ስከፋፍል ይሄ የቱ ሣጥን ውስጥ ይገባል?

ወይጦ መንገድ ዳር አንዲት የጸማይ ሴት ሻይ ትሸጣለች። አማርኛዋ ጥሩ ነው። ኦንጎታዎችን ታውቂያለሽ ወይ አልኳት።

"እህቴ እዚያ ነው ያገባችው" አለችኝ።

"ልጆቿን በምን ቋንቋ ነው የምትቆጣው?"

"በኛ ነዋ። በጸማይኛ።" ገርሟት አየችኝ። "እሷ ሌላ ምን ታውቃለች? በምን ታሳድጋቸው?"

ተመራማሪዎቹ የጻፉትም ይሄንኑ ነው። ኦንጎታዎች ከብት አልነበራቸውም፣ አደንና ዓሣ ነበር ኑሯቸው። ከብት ያላቸው ጸማዮች ጎረቤት ናቸው። ወንዶቹ የጸማይ ሴት አገቡ። ልጅ አፉን በእናቱ ቋንቋ ፈታ። ከዚያ የሱም ልጅ እንደዚያው። ማንም ክፉ ነገር አልሠራም። አንዲት እናት ልጇን በምታውቀው ቋንቋ አባበለች፣ ይሄው ነው።

መንገድ ላይ ስለ ስሙ አሰብኩ። ጣና ሐይቅ ዳርም ወይጦ የሚባሉ ሰዎች አሉ። ከዚህ ወንዝ ጋር አንድ አይደሉም። የነሱ ቋንቋ ጠፍቷል፣ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ጎጃም ውስጥ ጋፋትኛም ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስተርጉሞ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1947 የቋንቋ ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው ሄዶ ሲፈልግ ያገኘው አራት ተናጋሪ ብቻ ነው። ጋፋትኛን የዋጠው እኔ የምጽፍበት አማርኛ ነው። አማርኛን እወደዋለሁ፣ እንጀራዬም ነው። ይሄንን ግን ተማሪዎቼ ማወቅ አለባቸው ብዬ አምናለሁ፣ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው። ስደርስ ደርቶ ነበር። በና፣ ሐመር፣ ጸማይ፣ አሪ፣ ሁሉም አለ። ጸማይኛ ኩሻዊ ነው፣ የሐመርና የበና ቋንቋ ደግሞ ኦሞአዊ ነው። ዝምድናቸው በጣም የራቀ ነው። ግን ማር ሻጩ ጸማይ ገዢዋን የበና ሴት በራሷ ቋንቋ ሲያግባባ አየሁ። ፀጉሯ በቀይ አፈርና በቅቤ ተሠርቷል። ማሩን በጣቷ ቀመሰች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ጥላው ሄደች። አሥር እርምጃ ሳትሄድ ጠራት። ተመለሰች። ሐመሮችም ቋንቋቸውን ሐመር አፖ ነው የሚሉት። አፖ ምን እንደሆነ አሁን ትገምታላችሁ።

ቀን 7፣ ዓርብ፦ ጂንካ

ከከተማው በላይ ኮረብታ ላይ የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል አለ። በአካባቢው የሚኖሩት 16 ብሔረሰቦች ዕቃ እዚያ ተሰብስቧል። በርኮታ የሚባለው ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ የጆሮ ጌጥ፣ ቅል፣ ቆዳ። ብቻዬን ነበርኩ፣ ሁለት ሰዓት ቆየሁ።

እዚያ ሳለሁ ስለ ክዌጉዎች አሰብኩ። በኦሞ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ታንኳ ይሠራሉ፣ ያድናሉ፣ ማር ይቆርጣሉ። ከብት ያላቸው ሙርሲዎችና ቦዲዎች ወንዙን የሚሻገሩት በነሱ ታንኳ ነው። ክዌጉዎች የሙርሲን ቋንቋ ይናገራሉ። ሙርሲዎች ግን የክዌጉን አይናገሩም። ሙርሲዎቹ ራሳቸው በ1999ኙ ቆጠራ 7,500 ገደማ ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ ሆነን ትንሽ የምንለው ቋንቋ እዚህ ሲደርስ ትልቁ ነው።

የወንዙ ኑሮም ተለውጧል። የጊቤ 3 ግድብ ከተሠራ ወዲህ ኦሞ እንደ ድሮው በየዓመቱ ሞልቶ አይፈስም። ውሃው ሲሸሽ ደለሉ ላይ ማሽላ ይዘሩ የነበሩ ሰዎች ያ እርሻ ቀርቶባቸዋል። የቋንቋ ነገር ሲነሳ ይሄ ለምን ይነሳል የሚል ይኖራል። እኔ አንድ ላይ ነው የሚታየኝ። ሰው ከወንዙ ሲርቅ ወደ ከተማ ነው የሚመጣው፣ ከተማ ደግሞ የሚያወራው በሌላ ቋንቋ ነው። ባቱ ላይ ያየሁት እሱን ነው።

ማታ ስለ ቅጹም አሰብኩ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጅ የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር ይል ነበር። ሕገ መንግሥቱም ሁሉም ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት ዕውቅና እንዳላቸው በአንቀጽ 5 ደንግጓል። ጥሩ ነው። ግን ቅጹ ላይ ያለችው ክፍት ቦታ አንድ ናት። ቱሉ ጉዶ ላይ ነጠላዋን ስታስተካክል ሦስት ቋንቋ የተናገረችው ሴት የቱን ልትጽፍ ነው? ስመለስ በራሴ ክፍል ዝርዝር ላይ ቢያንስ ሁለት መስመር አደርጋለሁ።

ቀን 8፣ ቅዳሜ፦ የጂንካ ገበያ

ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ነው። የአሪ ሴቶች ከደጋው ወርደው ሙዝ፣ ጎመን፣ ቆጮ፣ ቡና ይዘው ይቀመጣሉ። የአሪ ሕዝብ በ1999ኙ ቆጠራ 290 ሺህ ገደማ ነበር፣ ስለዚህ እዚህ አሪኛ ትልቅ ቋንቋ ነው። ሰው የሚገናኘው ግን ብዙውን ጊዜ በአማርኛ ነው።

አንዲት ጎመን ሻጭ አጠገብ ተቀመጥኩ። በሰዓት ተኩል ውስጥ ስንት ቋንቋ እንደተናገረች ልቆጥር ብዬ ነበር። ከጎኗ ካለችው ጋር አሪኛ። ከተማ ቀመስ ልብስ ከለበሰ ጋር አማርኛ። አንዲት የበና ሴት ስትመጣ በሷ ቋንቋ ቁጥር ብቻ ተናገረች፣ ቁጥሩ በቂ ነበር። አንድ የሙርሲ ወጣት ደግሞ ዋጋ ሲጠይቅ ጣቷን አወጣች። የመጨረሻው ጣት ተዘረጋና ሳንቲም ከእጅ እጅ ተለወጠ።

ልጇ ከጀርባዋ ታዝሎ ነበር። ከእንቅልፉ ሲነቃ አለቀሰ። ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ እየመታች የሆነ ነገር አለችው። ዝም አለ። ምን አልሽው አልኳት።

"ዝም በል ነው ያልኩት።"

"በአሪኛ?"

"ታዲያ በምን?" አለችኝና ለቀጣዩ ደንበኛ በአማርኛ ዋጋ ነገረች።

ከተመለስኩ በኋላ

ጂንካ ላይ ጠዋት ተሳፍሬ አዲስ አበባ ስገባ ሁለት ቀን ሆኖኝ ነበር። በማግሥቱ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። የድሮው መንገድ ፎቅ ወጥቶበታል፣ ሸማኔ ቤቶቹ ግን ከጀርባ አሉ። በሩ ላይ ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጠው ይሠራሉ። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ሄደ፣ ተመለሰ።

"ሳሮ" አልኳቸው። ሶዶ ላይ ነው የተማርኩት፣ ጋሞም ሰላምታው ይሄው ነው።

መወርወሪያውን ያዙት። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ፈገግ አሉና ረጅም ነገር ተናገሩኝ፣ በፍጥነት፣ የምመልስ መስሏቸው። አንዱም አልገባኝም። ጉድጓዱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ቀስ ብለው እንዲደግሙልኝ ለመንኳቸው።